የገደሉ በር

ጥቅምት ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት። ከኒው ዮርክ ከተማ ወደ ሰሜን ሁለት ሰዓት ያህል ተነድቶ ኒው ፓልትዝ የምትባለው ትንሽ ከተማ ስትታለፍ፣ ከፖም እርሻዎቹ በላይ ነጭ ግድግዳ ብቅ ይላል። ከሩቅ ሲያዩት ሰው የካበው ቅጥር ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን ከሥሩ የወዳደቁት ቋጥኞች የቤት ያህል መሆናቸው፣ በመካከላቸው የበቀሉት የባሉጥ ዛፎችም ከገደሉ ወገብ የማይደርሱ መሆናቸው ይታወቃል። የተራራው ሰንሰለት ሻዋንገንክ ይባላል። የሚወጡበት ሰዎች አሳጥረው ‹ገንክስ› ይሉታል።

መኪና ማቆሚያው በማለዳ ሞልቷል። ጠባቂዋ ከመኪና መኪና እየዞረች የቀን መግቢያ ታያለች። ገደል ሊወጣ የመጣ ሰው በእግር ሊዘዋወር ከመጣው የበለጠ ይከፍላል፤ በዚህ ሲያጉረመርም ያገኘሁት ሰው የለም። ከፍለው የድንጋዩን ደረጃ ሽቅብ ይያያዙታል። ደረጃው ሲያበቃ ለጥ ያለ የጠጠር መንገድ ይገኛል፤ ድሮ በፈረስ ጋሪ ሽርሽር ይኬድበት የነበረ ነው። ገደሉ ከዚሁ መንገድ ራስጌ ቀጥ ብሎ ይነሣል።

የመጣሁት አንዲት የአገሬ ልጅ ስትወጣ ለማየት ነው። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለች ነርስ ናት፤ ተወልዳ ያደገችው አዲስ አበባ፣ አባቷ የአዲግራት ሰው፣ ኑሮዋ ብሮንክስ። መውጣት የጀመረችው በከተማ አዳራሽ ውስጥ፣ የፕላስቲክ መያዣ በተገጠመለት ግድግዳ ላይ ነው። አሁን ስድስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ከእሷ ጋር በአንድ ገመድ የሚታሰሩት ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። ከዚህ ገደል ጋር አርባ ዓመት ተዋውቀዋል።

የዛሬው መንገዳቸው ‹ሃይ ኤክስፖዠር› ይባላል። ስሙ ለባዶ አየር መጋለጥን ይናገራል። ከመሬት እስከ ጫፍ 75 ሜትር ገደማ ነው። የአሜሪካ ገደል ወጪዎች የመንገድን ክብደት በሚመድቡበት መለኪያ 5.6 ተሰጥቶታል። መለኪያው ዛሬ እስከ 5.15 (አምስት ነጥብ አሥራ አምስት) ስለሚዘልቅ 5.6 ለጎበዞች የተተወ አይደለም፤ ጥቂት ዓመት በትጋት የተለማመደ ሰው ይደርስበታል። ያም ሆኖ በምሥራቅ አሜሪካ እንደዚህ የሚወደድ መንገድ ጥቂት ነው። ከሥሩ ስንደርስ ሁለት ጥንዶች ቀድመውን ወረፋ ይዘው ነበር።

## ሁለቱ ገመዶች

ደብረ ዳሞን ያየ ወይም የሰማ ሰው ይህን ነገር በግማሽ ያውቀዋል። አቡነ አረጋዊ በዘንዶ እየተረዱ ወጡበት የሚባለው አምባ ላይ ለመድረስ ዛሬም 15 ሜትር ያህል ገደል በጠፍር ገመድ ይወጣል። ልብ ብሎ ላየው ግን እዚያ ያለው ገመድ አንድ ብቻ አይደለም። ወጪው በእጁ የሚሳብበት አለ። ሌላው ወገቡ ላይ ይታሰርና ጫፉን ከላይ ያለ ሰው ይይዘዋል። የወጪው ክንድ ቢዝል እንኳ ከላይ ያለው ያስቀረዋል።

ሃይ ኤክስፖዠር ላይ የመጀመሪያው ገመድ የለም። ገመድ ይዞ የሚሳብ ሰው አይገኝም፤ በእጅ የሚያዘው፣ በእግር የሚረገጠው ድንጋዩ ብቻ ነው። ያለው ሁለተኛው፣ የወገቡ ገመድ ነው። እሱም ቢሆን ቀድሞ ለሚወጣው ሰው ከላይ አይወርድለትም። ቀዳሚው ከወገቡ አስሮ ከታች ወደ ላይ ይዞት ይሄዳል። ገመዱን የሚይዝለት ጓደኛው ያለው ምድር ላይ ነው። ታዲያ ቢወድቅ ምን ያስቀረዋል?

አናጺ ግንድ ሲፈልጥ የሚሰካውን ሽብልቅ አስቡ። ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ የጣት አንጓ የሚያህል፣ የሽቦ ጭራ ያለው ሽብልቅ ነው። ወጪዋ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ስንጥቅ ትፈልግና ከሰፊው በኩል አስገብታ ወደ ጠባቡ ትስበዋለች። ወደ ታች በተጎተተ ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃል። በጭራው ላይ በተንጠለጠለው ቀለበት ገመዷን ታሳልፍና ትቀጥላለች። ሦስት ሜትር ወጥታ ሌላ ትሰካለች። ብትወድቅ የምትወርደው እስከ መጨረሻው ሽብልቅ፣ ከዚያም ያንኑ ያህል ወደ ታች፣ በላዩም የገመዱን መለጠጥ ያህል ነው። ስለዚህ ሽብልቁ የት እንደሚሰካ ማወቅ ከክንድ ጉልበት ይበልጣል። ሽብልቅ የማይዝባቸው አግድም ስንጥቆች አሉ፤ ለእነሱ በስፕሪንግ ተከፍተው ግራና ቀኙን የሚገፉ መሣሪያዎች አሏት። ከቀበቶዋ ሲንጠለጠሉ የቁልፍ እቅፍ ይመስላሉ።

ከኋላ የሚከተለው ሰው ሁሉንም እየነቀለ ይመጣል። ሁለቱ ጫፍ ሲደርሱ ድንጋዩ ላይ የቀረ ነገር የለም። በወጪዎች አነጋገር ‹ባህላዊ› የሚባለው ይህ ነው። ሌላው ዓይነት አለቱን በትራፓኖ ቦርቡሮ ቡሎን በማሰር የሚወጣው ነው፤ እዚያ መያዣው አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው።

> የሚያዘው ድንጋዩ ብቻ ነው፤ ገመዱ ያለው ለመውደቅ ነው።

ነርሷ ቀበቶዋን እያጠበቀች ስለ አባቷ አጫወተችኝ። «ደብረ ዳሞን ልጅ ሆኖ ወጥቶታል። ጠፍሩ ከእጅ ብዛት መለስለሱን፣ የድንጋዩን ቅዝቃዜ፣ ሁሉንም ነግሮኛል። እኔ ሴት ስለሆንኩ አልገባበትም፤ የቦታው ሥርዓት ነው። ልጅ ሆኜ ያናድደኝ ነበር። አሁን ገደል መውጣት ከጀመርኩ በኋላ ግን፣ ሥርዓት የሌለው ገደል ብዙ እንደማይቆይ ገብቶኛል።»

## ዝናቡ ሲያባራ

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1935 ፍሪትስ ቪስነር የሚባል ጀርመን ከሀድሰን ወንዝ ዳር ባለ ገደል ላይ ሲወጣ ነጎድጓድ ያዘለ ዝናብ ጣለ። ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ሲጠራ ከወንዙ ማዶ፣ በሩቁ፣ ነጭ የድንጋይ መስመር አበራ። ብዙ ሳይቆይ ሄዶ ወጣበት። ይህ ሰው የመጣው ከድሬስደን ነው። እዚያ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ለስላሳ ስለሆነ ወጪዎቹ ብረት በስንጥቁ እንዳይገባ ከልክለው፣ በቋጠሯቸው የገመድ ቋጠሮዎች ራሳቸውን ይጠብቃሉ። ድንጋይን ማክበር ከቪስነር ጋር አብሮ ያደገ ልማድ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ሰው ሃንስ ክራውስ ነው። በትሪየስቴ የተወለደ ሐኪም ነበር፤ በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ወደ ኒው ዮርክ ተሰደደ። ኋላ የፕሬዚዳንት ኬኔዲን የጀርባ ሕመም በአካል እንቅስቃሴ ያከመው እሱ ነው። ሁለቱ ስደተኞች በ1941 ሃይ ኤክስፖዠርን ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡ። መንገዱ ላይ አለቱ እንደ ጣሪያ ወደ ውጭ የሚወጣበት ቦታ አለ፤ በዚያ ጣሪያ ሥር ያለውን ክፍል ቀድሞ የወጣው ክራውስ ነበር።

ያ ዘመን የናይሎን ገመድ ገና ያልተለመደበት ነው። የቃጫው ገመድ አይለጠጥም፤ በድንገት ሲወጠር ሊበጠስ ይችላል። ስለዚህ ቀዳሚው ሰው አንድ ሕግ ብቻ ነበረው፦ አለመውደቅ። ዛሬ በጥሩ ገመድና በጥሩ ሽብልቅ መንገዱ 5.6 ነው። ክራውስ ግን ከጣሪያው ሥር ሆኖ ማንም አይቶት ወደማያውቀው ግድግዳ እጁን ሲዘረጋ ቁጥርም፣ ከእሱ በፊት ያለፈ ሰው ወሬም አልነበረውም። መንገዱን የማከብረው በዚህ ነው። አንድ ጊዜ የታወቀ ነገር ለዘለዓለም ቀላል ይመስላል፤ የመጀመሪያውን እጅ መዘርጋት ግን ማንም ደግሞ ሊያደርገው አይችልም።

## የወፍጮ ድንጋይ

አለቱን ቀርበው ሲያዩት በውስጡ የተጋገሩ ነጫጭ ጠጠሮች ይታያሉ፤ አንዳንዱ ባቄላ፣ አንዳንዱ እንቁላል ያህላል። ከ400 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ወንዞች ያመጡት የኳርትዝ ጠጠር ተጣብቆ የተሠራ ድንጋይ ነው። ከብረት ጋር ቢገናኝ የማይበገር ጥንካሬ አለው። ይህን ከወጪዎቹ በፊት ያወቁት ወፍጮ ጠራቢዎች ናቸው። በአሥራ ስምንተኛውና በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የዚህ ተራራ ድንጋይ እየተጠረበ የእህል ወፍጮ ይሆን ነበር። ከገደሉ አጠገብ ትራፕስ በምትባል መንደር የኖሩት ሰዎች ወፍጮ እየጠረቡ፣ ለቆዳ ፋቂ የዛፍ ልጥ እየላጡ፣ ለበርሜል ቀለበት እየሠሩ፣ በበጋ የዱር ፍሬ እየለቀሙ ይተዳደሩ ነበር። ከእነሱም በፊት ምድሪቱ የመንሲ ሕዝብ ነበረች። የኒው ፓልትዝ መሥራቾች የሆኑት የፈረንሳይ ፕሮቴስታንት ስደተኞች መሬቱን ከእነሱ የተዋዋሉት በ1677 ነው።

በ1869 አልበርትና አልፍሬድ ስማይሊ የሚባሉ መንትያ ወንድማማቾች በሞሆንክ ሐይቅ ዳር መሬት ገዙ፤ በማግሥቱ ዓመት የእንግዳ ማረፊያ ከፈቱ። ኩዌከሮች ስለነበሩ በቤታቸው መጠጥም፣ ካርታም፣ ዳንስም አልነበረም። እንግዶቻቸው በጋሪ እንዲሸራሸሩ በገደሉ ሥር መንገድ አስቀደዱ። መሬታቸውን ለስማይሊዎች ከሸጡት የትራፕስ ሰዎች ብዙዎቹ በዚሁ መንገድ ሥራ ተቀጠሩ። ዛሬ ወጪው በደቂቃዎች ገደሉ ሥር የሚደርስበት ለጥ ያለ መንገድ በእጃቸው የተደለደለ ነው። ስለ ገንክስ በሚነገረው ታሪክ እነዚህ ሰዎች በጥቂት ቃል ይታለፋሉ፤ አለአግባብ ይመስለኛል።

ገመድ የያዙ ሰዎች በስማይሊዎች መሬት ላይ ብቅ ሲሉ ባለንብረቶቹ ሊያባርሯቸው ይችሉ ነበር። አላባረሯቸውም። በምሥራቅ አሜሪካ ብዙ ገደል የግል ይዞታ ነው፤ አንድ ሰው ወድቆ ቢከሰኝስ ብሎ በሩን የዘጋ ባለመሬት ብዙ ነው። ወጪዎቹ ስለ መግቢያ የሚሟገት አገር አቀፍ ማኅበር ያቋቋሙት ገና በ1991 ነው። እዚህ ግን ከዚያ በፊት ግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በሩ ክፍት ነበር። በሃምሳዎቹ መጨረሻና በስድሳዎቹ የኒው ዮርክ ኮሌጅ ወጣቶች ሲመጡ ፈተናው በዛ። ሰክረው የሚጮኹ፣ ራቁታቸውን ገደል የሚወጡ ነበሩ። መጠጥ በማይቀመስበት ቤት ጥላ ሥር ነው ይህ ሁሉ። በሩ ግን አልተዘጋም።

በ1963 የስማይሊ ቤተሰብ የጥበቃ ማኅበር አቋቋመ፤ ከይዞታውም የተወሰነው ለማኅበሩ ተላለፈ። ዛሬ ‹ሞሆንክ ጥብቅ ስፍራ› የሚባለው የዚያ ልጅ ነው። የሚተዳደረው በአባላቱ መዋጮና ጎብኚው በሚከፍለው ነው። ጠዋት ጠባቂዋ የምታየው ወረቀት ይህንን ሁሉ ይሸከማል።



## መዶሻው የቀረበት ጊዜ

መምህሩ ከገደሉ ሥር ወዳለ ስንጥቅ ወሰዱኝና ጣቴን እንዳስገባ ጋበዙኝ። ውስጡ የሣጥን ቅርጽ ያለው ጉድጓድ ነው። «ይህ በተፈጥሮ የመጣ አይደለም» አሉ። «የመዶሻ ሥራ ነው።»

ከቪስነር ዘመን እስከ ስድሳዎቹ መጨረሻ ወጪ ራሱን የሚጠብቀው በብረት ችንካር ነበር። ቀዳሚው ችንካሩን በመዶሻ ወደ ስንጥቁ ይመታል፤ ተከታዩ ደግሞ ግራና ቀኝ እየመታ ይነቅለዋል። በአንድ መንገድ ላይ ይህ በመቶ ጊዜ ሲደጋገም ስንጥቁ ይፈረፈራል፤ የጣት ስንጥቅ የነበረው የእጅ ይሆናል። ወጪው እየበዛ ሲሄድ ጉዳቱ በዓይን ይታይ ጀመር።

ጆን ስታናርድ የሚባል ፊዚክስ አዋቂ፣ በገንክስ ከነበሩት ጎበዝ ወጪዎች አንዱ፣ በሰባዎቹ መጀመሪያ ችንካር ትተን በእጅ በሚሰካ ሽብልቅ እንውጣ ብሎ ተነሣ። ይህንኑ የሚሰብክ ጋዜጣም ያሰራጭ ነበር። በ1972 ደግሞ በካሊፎርኒያ ኢቮን ሹዋናርድ፣ ችንካር በመሸጥ የሚተዳደር ነጋዴ፣ በራሱ የዕቃ ዝርዝር መጽሐፍ ላይ ችንካር አለቱን እያጠፋ መሆኑን አሳትሞ ደንበኞቹን ወደ ሽብልቅ ጠራ። እንጀራው የሆነውን ዕቃ አትግዙኝ ማለቱ ነበር። ጥቂት ዓመታት ሳይሞላ በገንክስ የመዶሻ ድምፅ ጠፋ። ያስገደደ ሕግ አልነበረም። በኋላ ጥብቅ ስፍራው ወጪዎች አዲስ ችንካርና ቡሎን እንዳይተክሉ ከለከለ። ለመውረጃ በተመረጡ ጥቂት ቦታዎች ብቻ ስፍራው ራሱ ቡሎን አስሯል።

ይህ ሁሉንም ሰው ያስማማል ማለት አይደለም። በአዳራሽ ውስጥ የተማረ አንድ ወጣት ወረፋ እየጠበቀ እንዲህ አለኝ፦ «ሰው ከሚሞት ቡሎን ቢታሰር ምን አለበት? እዚህ ሽብልቅ መሰካት የማያውቅ ሰው ይሞክርና ይጎዳል።» ያነሣው ነገር ቀላል አይደለም። አዳራሽ ውስጥ ከባድ መንገድ መውጣት የለመደ ወጣት 5.6ን ይንቃል፤ ክንዱ ይችለዋል፣ ስንጥቅ ማንበብ ግን ማንም አላስተማረውም። መምህሩ ሰምተው ዝም አሉ፤ ቆይተው «መጀመሪያ አምስት ጊዜ ተከትሎ ይውጣ፤ ሽብልቅ የሚነቅል ሰው አሰካኩን ይማራል» አሉ። እኔ ከመምህሩ ጋር ነኝ። ቡሎን አንድ ጊዜ ከታሰረ ገደሉን የሚያነበው ቡሎኑን ያሰረው ሰው ነው፤ ከኋላው የሚመጡት ሺህዎች የእሱን ንባብ ብቻ ይደግማሉ።

## ጭልፊቶቹ ሲመለሱ

በገንክስ ሌላም ባለመብት አለ። በገደል ላይ እንቁላል የሚጥለው ትልቁ ጭልፊት፣ በበረራ ወደ አደኑ ሲወረወር ከአእዋፍ ሁሉ የሚፈጥነው፣ በስድሳዎቹ ከምሥራቅ አሜሪካ ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ያጠፋው ዲዲቲ ነው፤ መርዙ በሚበላቸው ወፎች በኩል ሲደርሰው የእንቁላሉ ቅርፊት እየሳሳ እናቲቱ ስትታቀፈው ይሰበር ነበር። ዲዲቲ በ1972 ታገደ፤ በሰው እጅ የተፈለፈሉ ጫጩቶች በየገደሉ ተለቀቁ። ወፉ በ1999 ከአደጋ ላይ ካሉት የአሜሪካ እንስሳት መዝገብ ወጣ። በገንክስም ዛሬ ይጥላል።

ከየካቲት ገደማ ጀምሮ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድረስ ጎጆ ያለበት የገደሉ ክፍል ይዘጋል። ምልክት ይተከላል፤ ከሥሩ የታወቁ መንገዶች ቢኖሩም ለወራት ማንም አይነካቸውም። የትኛው ክፍል እንደሚዘጋ የሚወስኑት ጭልፊቶቹ ናቸው፤ በዚህ ዓመት እዚህ፣ በሚቀጥለው ዓመት እዚያ። ጠባቂዋን ሰዎች ያስቸግሩሽ እንደሆነ ጠየቅኋት። በጭልፊቱ ጉዳይ የሚከራከር ጥቂት ነው አለች፤ ዕለት ዕለት የሚያጨቃጭቃት የመኪና ማቆሚያው ነው። ሲሞላ ሰው መንገድ ዳር ያቆማል፤ ጎረቤት ያማርራል፤ የጎረቤት ምሬት ደግሞ ከወፍ ይልቅ በር ይዘጋል።

## ከጣሪያው ሥር

ወረፋው ደረሰ። ነርሷና መምህሩ ፊት ለፊት ቆመው አንዱ የሌላውን ቋጠሮ በእጁ ነካ፣ በዓይኑ አየ። አርባ ዓመት የወጣው ሰው ቋጠሮውን ገና ስድስተኛ ዓመቷን በያዘች ወጪ ያስፈትሻል። ከዚያ ሄደች።

የመጀመሪያው ክፍል ረጅም ነው፤ ግን እግር የሚያሳርፍ ብዙ አለው። እየቆመች፣ ስንጥቁን እየዳሰሰች፣ ሽብልቅ እየሰካች፣ በጣቷ ጎትታ እየፈተነች ወጣች። ከገደሉ ከግማሽ በላይ ላይ ሰፊ እርከን አለ። እዚያ ደርሳ ራሷን ካሰረች በኋላ መምህሩ ሽብልቆቿን እየነቀሉ ተከተሏት። እኔ ከጋሪው መንገድ ላይ በሩቅ ማያ መነጽር አያለሁ።

ከእርከኑ ጥቂት ሜትር በላይ አለቱ ወደ ውጭ ወጥቶ ጣሪያ ይሠራል። ከጣሪያው ሥር ቁጭ ያለ ሰው የሚቀጥለውን መያዣ አያየውም። ወደ ላይ መንገድ የለም፤ መንገዱ ወደ ውጭ ነው፣ ከጣሪያው ከንፈር ወዲያ ወዳለው ቀጥ ያለ ግድግዳ። ነርሷ እዚያ ብዙ ቆየች። ሁለት መሣሪያ ሰካች። እጇን አውጥታ ዳሰሰችና መለሰችው። እጇን ነጭ ዱቄት በያዘው ከረጢት ነከረች። ደግማ አወጣች።

የሚወጡት ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፦ መያዣው አለ፤ ትልቅ ነው፤ እጅ ሲገባበት እንደ በር እጀታ ይሞላል። ግን በጭፍን ነው የሚገኘው። ከተገኘም በኋላ ሰውነትን አምኖ ከጣሪያው ሥር ወደ ባዶው ማውጣት ይቀራል። ክንዷ ተወጠረ። እግሯ ለአንድ አፍታ ከአለቱ ለቀቀ፤ ከበታቿ እስከ ዛፎቹ ራስ አየር ብቻ ነበር። ከዚያ እግሯ ግድግዳውን አገኘ። ቀሪው ቀጥ ያለ ቢሆንም አግድም ስንጥቆች እንደ መሰላል ተደርድረውበታል፤ ሳትቆም ወጣች። ጥቂት ቆይቶ መምህሩ በዚያው ከንፈር ዞሩ፤ በረጋ አኳኋን፣ የሚያውቀውን የቤት በር እንደሚከፍት ሰው።

ከሰዓት በኋላ ሲወርዱ እጇ ተልጧል፣ ጉልበቷ በነጭ አቧራ ተለውሷል። ጋሪው መንገድ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ከማውለቋ በፊት ስልኳን አወጣች። አዲስ አበባ መሽቷል። የአባቷን ድምፅ ከአጠገቧ ሆኜ ሰማሁት፤ እግዜር ይመስገን ካሉ በኋላ የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ከላይ ማን ያዘልሽ?»

«ለእኔ ከላይ ማንም የለም አባዬ። የያዙልኝ መምህሩ ናቸው፤ ከታች።»

ዝም አሉ። «እሳቸውስ ሲወጡ ማን ያዘላቸው?»

«እኔ ነኛ» አለች፤ «ከላይ ሆኜ።»